«ጨምሩበት» ተብሎ የተጀመረው ጥናት

ስለዚህ ጥናት ሳነብ ዓይኔ መጀመሪያ ያረፈው ውጤቱ ላይ ሳይሆን ዕጣው ላይ ነው።

589 ሕመምተኞች ናቸው። የሁሉም የልብ ምት ተዛብቶ አልመለስ ብሏል። በዕጣ ሦስት ቦታ ተከፈሉ። አንደኛው ቡድን ቀላሉን ሕክምና ያገኛል። ሁለቱ ደግሞ ያንኑ ቀላሉን፣ ላዩ ላይ ጭማሪ ታክሎበት። ታዲያ ክፍፍሉ እኩል አይደለም። ቀላሉ ለአንድ ሰው ሲደርስ፣ ጭማሪ ያለባቸው ሁለቱ ለአራት አራት ሰው ይደርሳሉ። መጨረሻ ላይ ቀላሉን ብቻ ያገኙት 67 ሰዎች ሆኑ። የሌሎቹ ቁጥር 263 እና 259 ነው።

እንዲህ ያለ ዕጣ የሚያወጣ ሰው ልቡ ወዴት እንዳደላ መደበቅ አይችልም። ጭማሪው እንደሚበልጥ ጠብቀዋል። ቀላሉ ለማነጻጸሪያ ያህል የተቀመጠ ይመስላል።

ውጤቱ ሲወጣ ግን ሌላ ሆነ።

ጥናቱ ስታር ኤኤፍ ቱ ይባላል። በ2015 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ላይ ታተመ። እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። በካቴተር፣ ማለትም ወደ ልብ በሚገባ ቀጭን መሣሪያ፣ ታክሞ ሕመሙ ላገረሸበት ሰው፣ «እንግዲህ ምን እንጨምር?» የሚለው ጥያቄ የግድ ይመጣል። ያንን ጥያቄ ለመረዳት ከዚህ ጥናት የተሻለ ማስተማሪያ አላውቅም። ስለዚህ ከሥሩ ልጀምር።

ሕመሙ

ልብ አራት ክፍል አለው። ሁለት ላይ፣ ሁለት ታች። በጤነኛ ልብ ውስጥ የምቱ ትእዛዝ የሚነሳው ከአንድ ቦታ ነው፤ በቀኙ የላይኛ ክፍል ካለች ትንሽ ጉብታ። ከዚያ ወደ ታች ይወርዳል። ሁሉም ተራውን ጠብቆ ይመታል።

ኤትሪያል ፊብሪሌሽን፣ ባጭሩ ኤኤፍ፣ ይህ ሥርዓት ሲፈርስ ነው። የላይኞቹ ክፍሎች ከመምታት ይልቅ ይንቀጠቀጣሉ። ትእዛዙ ከየአቅጣጫው ነው። ታችኞቹ ክፍሎች የደረሳቸውን ያህል እየተቀበሉ ያለ ወጥ አካሄድ ይመታሉ። ሰውየው ልቡ ሲደልቅበት ይሰማዋል። ይደክመዋል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል። አንዳንዱ ደግሞ ምንም አይሰማውም። ሐኪም ለሌላ ነገር ኢሲጂ፣ ማለትም የልብ ኤሌክትሪክ ቅጂ፣ ሲያነሳው ነው የሚያውቀው። በላይኛው ክፍል ደም በደንብ ስለማይወጣ ይረጋል። የረጋው ደም ወደ አንጎል ከሄደ ስትሮክ ነው። ለዚህ ነው ደም ማቅጠኛ መድኃኒት የሚታዘዘው።

ሕመሙ ሁለት ጠባይ አለው። አንዱ መጣ ሄድ የሚል ነው። ለሰዓታት ወይም ለቀናት ይቆይና በራሱ ይለቃል። ሌላው ከ7 ቀን በላይ ይቆያል፤ በመድኃኒት ወይም በኤሌክትሪክ ካልተመለሰ አይለቅም። ይህን ሁለተኛውን «የማይለቅ» እያልኩ እጠራዋለሁ። የዛሬው ጉዳይ የሱ ነው።

ቦርዶ

ነገሩ ከፈረንሳይ ይጀምራል። በ1998 ሚሼል ሃይሳጌርና ባልደረቦቹ ከቦርዶ አንድ ጥናት አወጡ። መድኃኒት አልመልስ ያለው መጣ ሄድ ኤኤፍ ያለባቸው 45 ሰዎች ነበሩ። ሐኪሞቹ ቀጫጭን ሽቦ የመሰሉ ካቴተሮች ወደ ልብ አስገቡና ሕመሙ ሲነሳ ቆመው ጠበቁት። ከየት ነው የሚለኮሰው? 69 መለኮሻ ነጥቦች አገኙ። ከነዚህ ውስጥ 94 በመቶው የት ቢሆን ጥሩ ነው? ልብ ውስጥ እንኳ በቅጡ አይደለም። ከሳንባ ንጹሕ ደም ይዘው ወደ ግራው የላይኛ ክፍል የሚገቡት አራት ደም መልሶች ውስጥ ነው። ከ2 እስከ 4 ሴንቲሜትር ወደ ውስጥ ገባ ብሎ።

ይህ ግኝት ነገሩን ሁሉ ቀየረው። እሳቱ የሚነሳው ደጃፍ ላይ ከሆነ ደጃፉን መዝጋት ነው። መጀመሪያ ነጥቧን ራሷን ያቃጥሉ ነበር። ቆይተው ግን ነጥብ ማሳደድ ትተው የደም መልሶቹን አፍ ዙሪያ ማጠር ጀመሩ። በብሽሽት በኩል ካቴተር ይገባል፣ በሁለቱ የላይኛ ክፍሎች መሃል ያለው ግድግዳ ይበሳል፣ ከዚያ ዙሪያውን ነጥብ በነጥብ ይቃጠላል። የተቃጠለው ሥጋ ጠባሳ ይሆናል። ጠባሳ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ደም መልሱ ውስጥ የፈለገው ቢለኮስ ወደ ልብ አይወጣም። አብሌሽን የሚባለው ይኸው ነው። ጥናቱ ውስጥ «ቀላሉ» ያልኩትም ይኸው አጥር ነው።

ለመጣ ሄዱ ኤኤፍ ይህ በደንብ ሠራ። ለማይለቀው ግን ውጤቱ ቀዝቀዝ ያለ ነበር። በርካታ ሰው ታክሞ ይወጣል፣ ከወራት በኋላ ያገረሽበታል።

ፍየሎቹ

ለምን የሚለውን ለማስረዳት ፍየል ልጥቀስ። በ1995 የኔዘርላንድስ ማስትሪክት ተመራማሪዎች ፍየሎች ልብ ላይ መሣሪያ ገጠሙ። መሣሪያው ምቱ በተስተካከለ ቁጥር እንደገና ያዛባዋል። መጀመሪያ ላይ መዛባቱ በሰከንዶች ውስጥ በራሱ ይቆም ነበር። ደጋግመው ሲያዛቡት ግን እየቆየ ሄደ። በአማካይ በ7 ቀን ገደማ፣ ከ11 ፍየሎች በ10ሩ ላይ መዛባቱ ከ24 ሰዓት በላይ የሚቆይ ሆነ። ማንም ሳይነካው።

ኤኤፍ ኤኤፍን ይወልዳል የሚባለው ከዚህ የመጣ ነው። ሕመሙ በቆየ ቁጥር ልቡን ለራሱ እንዲመች አድርጎ ይሠራዋል። ግድግዳው ይለጠጣል፣ ጠባሳ ይበዛበታል። ያኔ እሳቱ ከደጃፍ አልፎ ቤት ገብቷል።

ስለዚህ ሐኪሞቹ ያሰቡት ነገር ሞኝነት አልነበረም። ደጃፉን መዝጋት ካልበቃ ቤቱ ውስጥም መግባት ነው።

ሁለቱ ጭማሪዎች

አንደኛው ጭማሪ መስመር ነው። ሐሳቡ ከቀዶ ሕክምና የተወረሰ ነው። በ1987 አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ጄምስ ኮክስ ሴንት ሉዊስ ውስጥ የልብን የላይኛ ክፍሎች በቢላ እየቆረጠ መልሶ ሰፋ። ቁርጦቹ ሲድኑ የጠባሳ አጥር ይሆናሉ። ኤሌክትሪኩ ለመዞር ቦታ ያጣል። ሕክምናው ሜዝ ይባላል፤ ጠመዝማዛ መንገድ ማለት ነው። ይሠራል። ግን ደረት መክፈት ይጠይቃል። የካቴተር ሐኪሞች ያንኑ በቃጠሎ ለመድገም ሞከሩ። አንድ መስመር በላይኛው ክፍል ጣሪያ ላይ፣ አንድ ደግሞ ከደም መልሱ ወደ ማይትራል ቫልቭ፣ በግራው የላይኛና የታችኛ ክፍል መካከል ወዳለው በር።

ሁለተኛው ጭማሪ ምልክት ማደን ነው። በ2004 ኩንላዊ ናዴማኒና ባልደረቦቹ 121 ሕመምተኞች ላይ የሠሩትን አሳተሙ። ልብ ውስጥ አንዳንድ ቦታ የኤሌክትሪክ ምልክቱ የተሰባበረ ይሆናል። ፈጣን፣ ቁርጥርጥ ያለ፣ ቅጥ የሌለው። ሕመሙን የሚያቆየው ይህ ቦታ ነው አሉና እዚያ እዚያ አቃጠሉ። ከአንድ ዓመት በኋላ 110 ሰዎች፣ ማለትም 91 በመቶው፣ ከሕመሙ ነፃ ነበሩ። 92ቱ በአንድ ሕክምና፣ 18ቱ በሁለት። ይህን ቁጥር ያየ ሐኪም እጁ ቢበላው አይፈረድበትም።

ከዚያ ካናዳዊው የልብ ሐኪም አቱል ቬርማ መጣ። በ2010 የመጀመሪያውን ስታር ኤኤፍ አሳተመ። 100 ሕመምተኞች፣ እዚህም ሦስት ቡድን። አጥር ብቻ፣ ምልክት ማደን ብቻ፣ ሁለቱም ባንድ ላይ። ከአንድ ዓመት በኋላ ከኤኤፍ ነፃ የሆኑት እንዲህ ነበሩ፦ ምልክት ማደን ብቻ 29 በመቶ። አጥር ብቻ 48 በመቶ። ሁለቱም ባንድ ላይ 74 በመቶ።

ግልጽ ይመስላል አይደል? ጨምሩበት። በየሆስፒታሉም ይጨመር ነበር። አጥር፣ መስመር፣ አደን፣ አንዳንዴ ሁሉም በአንድ ቀን።

ዋናው ጥናት

ቬርማ ግን 100 ሰው አልበቃውም። ይህን ነው የማደንቅለት። የራሱ ጥናት ደግፎት ሳለ በትልቁ ሊፈትነው ተነሳ። ሁለተኛው ጥናት በ12 አገሮች፣ በ48 ማዕከሎች ተካሄደ። ሕመምተኞቹ ሁሉ የማይለቅ ኤኤፍ ያለባቸውና ቢያንስ አንድ የምት ማስተካከያ መድኃኒት ያልሠራላቸው ናቸው። አብሌሽን ሲደረግላቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ሕመሙ ሳያቋርጥ ከ3 ዓመት በላይ የቆየባቸው አልገቡም። የግራ ላይኛ ክፍላቸው 60 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ የሰፋባቸውም አልገቡም።

ለሁሉም አጥር ተሠራ። በ97 በመቶው ተሳካ። አንዱ ቡድን ላይ በዚህ ቆመ። ሁለተኛው ላይ የተሰባበሩ ምልክቶች ታደኑ፤ በ80 በመቶው ተሟጥጠው ጠፉ። ሦስተኛው ላይ ሁለቱ መስመሮች ተጨመሩ፤ ሁለቱም በትክክል የተዘጉት በ74 በመቶው ነው።

ከዚያ 18 ወር ክትትል። ኢሲጂ፣ 24 ሰዓት የሚቀዳ ሆልተር፣ በየሳምንቱ ደግሞ በስልክ የሚላክ የምት ቅጂ። የመጀመሪያዎቹ 3 ወራት አይቆጠሩም። የተቃጠለ ልብ ቁስሉ እስኪሽር ይነጫነጫል፤ ያን ጊዜ የሚታይ መዛባት የግድ ማገርሸት ማለት አይደለም። ከዚያ በኋላ ግን 30 ሰከንድ ያለፈ ኤኤፍ ከተቀዳ አገርሽቷል ይባላል።

ውጤቱ በ2014 ባርሴሎና በተካሄደው የአውሮፓ የልብ ሕክምና ጉባኤ ላይ ተነገረ። በአንድ ሕክምና ብቻ ከኤኤፍ ነፃ ሆነው 18 ወር የዘለቁት፦ አጥር ብቻ 59 በመቶ፣ አጥርና አደን 49 በመቶ፣ አጥርና መስመር 46 በመቶ።

ጭማሪው አልጠቀመም። ሲያዩት ጭራሽ ያነሰ ይመስላል።

እዚህ ላይ ግን ቆም ማለት ያስፈልጋል። «ቀላሉ ይበልጣል» ብሎ መሮጥ ስሕተት ነው። በስታቲስቲክስ ሚዛን ሲታይ በሦስቱ መካከል ያለው ልዩነት በአጋጣሚም ሊመጣ የሚችል ነው። ያች ያልተመጣጠነች ዕጣም እዚህ ላይ ዋጋ ታስከፍላለች። በ67 ሰው ላይ የቆመ 59 በመቶ ወዲያም ወዲህም ሊወዛወዝ ይችላል። ጥናቱ የሚለው አንድ ነገር ነው፦ ጭማሪው ጥቅም እንዳለው ለማሳየት ተፈልጎ አልተገኘም።

ኪሳራው ግን ተገኝቷል። አጥር ብቻ የተሠራላቸው ሰዎች ሕክምና በአማካይ 167 ደቂቃ ወሰደ። አደን የተጨመረበት 229፣ መስመር የተጨመረበት 223። አንድ ሰዓት ገደማ ተጨማሪ ማደንዘዣ፣ ተጨማሪ ጨረር፣ ተጨማሪ ቃጠሎ ማለት ነው። በጥናቱ በሙሉ ሦስት ሰው በልቡ ዙሪያ ደም ተጠራቅሞበታል። ሦስት ሰው ስትሮክ ወይም ቶሎ የሚያልፍ የስትሮክ ዓይነት አጋጥሞታል። አንድ ሰው ላይ ደግሞ በልብና በምግብ ቧንቧ መካከል ቀዳዳ ተከፈተ። ይህ የመጨረሻው የሁሉም የአብሌሽን ሐኪም ቅዠት ነው። የምግብ ቧንቧ የሚያልፈው ከግራው የላይኛ ክፍል ጀርባ ተለጥፎ ነው። ከውስጥ የተቃጠለው ከውጭ ሳምንታት ቆይቶ ይበሳል። አልፎ አልፎ የሚደርስ ነው፤ ሲደርስ ግን ብዙ ጊዜ ይገድላል።

ለምን አልሠራም?

የመስመር ደጋፊዎች መከራከሪያ አላቸው። ከአራት ሰው በአንዱ ገደማ ሁለቱ መስመሮች አልተዘጉም፤ ስለዚህ የተፈተነው መስመር ሳይሆን ያልተጨረሰ መስመር ነው ይላሉ። ልክ ናቸው። ግን እኔ ይህን መከራከሪያ ስሰማ ለነሱ ሳይሆን በነሱ ላይ የሚመሰክር ይመስለኛል። ሥራዬ ብለው በሚሠሩ ማዕከሎች፣ ጥናት ላይ መሆናቸውን እያወቁ 74 በመቶ ከደረሱ፣ በተራው ቀን ስንት ይደርሳል?

ደግሞም ያልተጨረሰ መስመር ባዶ መስመር አይደለም። ፍየል የሚጠብቅ ሰው ያውቀዋል። አጥር ላይ የቀረች አንዲት ቀዳዳ ፍየሎቹን በሙሉ በዚያች በኩል ታሳልፋለች። ልብ ውስጥም እንደዚሁ ነው። መስመሩ ላይ ክፍተት ከቀረ ኤሌክትሪኩ በዚያች ክፍተት እየሾለከ ክብ መንገድ ይይዛል። ያኔ ኤኤፍ ቀርቶ ሌላ የምት መዛባት ይመጣል፤ ወጥ ሆኖ የሚሮጥ፣ አንዳንዴም ከመጀመሪያው የባሰ የሚያስቸግር። የተጨመረው ሕክምና ራሱ አዲስ ሕመም ወለደ ማለት ነው።

የአደኑ ችግር ሌላ ነው። የተሰባበረ ምልክት ያለበት ቦታ ሁሉ እሳቱን የሚያቀጣጥለው አይደለም። ጭስ ያለበት ሁሉ ምድጃ አይደለምና። አንዳንዱ ቦታ ማዕበሎች የሚጋጩበት ብቻ ነው፤ ሌላው ያደረገውን ያስተጋባል። በዚያን ጊዜ መሣሪያ ምድጃውን ከጭሱ መለየት አስቸጋሪ ነበር። ስለዚህ ያለ ጥፋቱ የሚቃጠል ጤነኛ ሥጋ በዛ።

ያገረሸበት ሰው ሲመለስ

ጥናቱ ከ3ኛው እስከ 6ኛው ወር ባለው ጊዜ ድጋሚ ሕክምና ይፈቅድ ነበር። አጥር ብቻ ከተሠራላቸው 21 በመቶው ተመልሰው ታከሙ። ከአደኑ 26፣ ከመስመሩ 33 በመቶ። ከሁለተኛው ሕክምና በኋላ ከኤኤፍ ነፃ የሆኑት ደግሞ 72፣ 60 እና 58 በመቶ ሆኑ። እዚህም የስታቲስቲክስ ልዩነት የለም። ቀላሉ አሁንም አልተሸነፈም።

እኔን የሳበኝ ይህ 72 ነው። ጭማሪ ሳይደረግ፣ አንዱን ነገር ደግሞ በመሥራት ብቻ ከ59 ወደ 72 እንዴት ተወጣ?

መልሱ ልብ ውስጥ ተመልሰው የገቡ ሐኪሞች ሁሉ የሚያዩት ነገር ነው። አጥሩ ፈርሷል። በሕክምናው ቀን ሙሉ በሙሉ የተዘጋ የመሰለ ቦታ በወራት ውስጥ መልሶ ያስተላልፋል። ቃጠሎው ግድግዳውን ዘልቆ አልደረሰ ይሆናል። ወይም ሥጋው በእብጠት ለጊዜው ደንዝዞ ኖሯል፤ እብጠቱ ሲወርድ ነቃ።

ይህን በቀጥታ የፈተነ አንድ የእንግሊዝ ጥናት አለ፤ ፕሬሸር ይባላል፣ በ2017 ወጣ። መጣ ሄድ ኤኤፍ ያለባቸው 80 ሰዎች ናቸው። ለግማሾቹ ምልክት ይኑራቸው አይኑራቸው ሳይባል ከሁለት ወር በኋላ ልባቸው እንደገና ተፈተሸ። ከ40 ሰው በ25ቱ ቢያንስ አንድ ደም መልስ መልሶ ተገናኝቷል። ክፍተቱ ተደፈነ። በዓመቱ መጨረሻ ከሕመሙ ነፃ የሆኑት በዚህ ቡድን 82.5 በመቶ፣ እንደተለመደው ብቻ በተከታተሉት ደግሞ 57.5 በመቶ ሆኑ። ማንም ሰው ደህና ሳለ ልቡ ውስጥ በየሁለት ወሩ ይገባ ማለቴ አይደለም። ግን ችግሩ የት እንዳለ ያሳያል።

ስለዚህ ዛሬ ያገረሸበት ሰው ሲመለስ ጠንቃቃ ሐኪም መጀመሪያ የሚያየው አሮጌውን አጥር ነው። ቀዳዳ ካለ ይደፍናል። ብዙ ጊዜ ሥራው እዚያው ያልቃል።

የሚከብደው አጥሩ ሳይነካ ሲገኝ ነው። አራቱም ደም መልሶች እንደተዘጉ ናቸው፣ ሕመሙ ግን ተመልሷል። እዚህ ላይ የተስማማ መልስ የለም። አንዳንዱ ከግራው የላይኛ ክፍል ጋር የተያያዘውን ጆሮ መሰል ከረጢት በአጥር ይለያል፤ አንዳንዱ ጠባሳ የበዛበትን ቦታ እየፈለገ ያቃጥላል። ጀርመኖች ሁለቱን በዕጣ አወዳደሩ፤ አስትሮ ኤኤፍ ይባላል፣ በ2024 ታተመ። በሁለቱም ወገን ነፃ የሆኑት ግማሽ ገደማ ናቸው። አሸናፊ የለም።

ከዚያ ወዲህ

ጭማሪ የመፈለጉ ነገር አልቆመም። በ2023 ካፕላ የተባለ ጥናት ወጣ። 338 የማይለቅ ኤኤፍ ያለባቸው ሰዎች፤ ለግማሹ የላይኛው ክፍል የኋላ ግድግዳ ተጨምሮ ታጠረ። ውጤቱ 52.4 በመቶ ከ53.6 በመቶ። ጭማሪው እንደገና ባዶ ወጣ።

አንድ ልዩ የሚመስል ሙከራ አለ። በማርሻል ስም የምትጠራ ቀጭን ደም መልስ ውስጥ አልኮል መጨመር ነው። ጤነኛ ሰው ሲሰማው ይስቃል። ግን አልኮሉ ካቴተር በደንብ የማይደርስበትን ሥጋ ይገድላል። በ2020 በወጣው ቬነስ ጥናት 343 ሰዎች ነበሩ፤ አልኮል ከተጨመረላቸው 49.2 በመቶው፣ ካልተጨመረላቸው 38 በመቶው ከሕመሙ ነፃ ሆኑ። ይህ ልዩነት በስታቲስቲክስ ቆሟል። ትንሽ ቢሆንም ጭማሪ ሁሉ ከንቱ ነው እንዳንል ያደርገናል።

መሣሪያውም ተቀይሯል። አሁን ከሙቀትና ከብርድ ይልቅ በኤሌክትሪክ ግርፋት የልብ ሕዋስን የሚገድል ዘዴ መጥቷል። አሜሪካ ውስጥ በ2023 መጨረሻና በ2024 መጀመሪያ ተፈቀደ። ጥሩ ጎኑ የምግብ ቧንቧን ብዙም አይነካም። በ2023 የወጣው አድቬንት ጥናት ግን በውጤት ረገድ ከቀድሞዎቹ ጋር እኩል ነው ያለው፤ 73.3 በመቶ ከ71.3። ፈጠን ያለ፣ ለጎረቤት አካል ረጋ ያለ አጥር ነው። አጥርነቱ ግን ያው ነው።

ከካቴተር ውጭ ያለው ነገር ብዙ ጊዜ አይወራለትም። የአውስትራሊያ ሐኪሞች ግን ይዘውት ቆይተዋል። አደላይድ ላይ 355 ውፍረት ያለባቸውን የኤኤፍ ሕመምተኞች ለዓመታት ተከታተሉ። ከክብደታቸው 10 በመቶና ከዚያ በላይ ቀንሰው የቆዩት ከሌሎቹ ስድስት እጥፍ የተሻለ ዕድል ነበራቸው። ሜልቦርን ላይ ደግሞ በሳምንት 10 መጠጥና ከዚያ በላይ የሚጠጡ 140 ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍለው ግማሾቹን አስተዋቸው። ከቀጠሉት 73 በመቶው አገረሸበት፤ ከተዉት 53 በመቶው። እነዚህ ሰዎች ካቴተር አልጨመሩም። ቢራውን ነው የቀነሱት። ጠጅና አረቄ እዚያ ጥናት ውስጥ አልነበሩም፤ ልብ ግን ዓይነቱን የሚለይ አይመስለኝም።

አገር ቤት ላለ አንባቢ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። እዚህ ያወራሁት ሁሉ ቫልቩ ደህና ስለሆነ ልብ ነው። በኢትዮጵያ ኤኤፍ የሚይዛቸው ብዙዎች ወጣቶች ናቸው። ምክንያቱም በልጅነት የጉሮሮ ሕመም ተከትሎ የመጣው ሩማቲክ ትኩሳት የማይትራል ቫልቫቸውን አጥብቦታል። እዚያ ልብ ውስጥ የላይኛውን ክፍል የሚለጥጠው የጠበበው ቫልቭ ነው። ቫልቩ ሳይከፈት ደም መልሶቹን ማጠር በጎርፍ ሰዓት ጣሪያ እንደመድፈን ነው። ለነሱ መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ ቫልቩና ደም ማቅጠኛው ነው። በደም ማቅጠኛው ላይ ደግሞ በ2022 የወጣው ኢንቪክተስ ጥናት ያስገረመ ነገር አሳይቷል። ሩማቲክ ቫልቭ ላለበት ሰው አሮጌው ዋርፋሪን ዓይነቱ ከአዲሱ ሪቫሮክሳባን በልጦ ተገኝቷል። ውጭ አገር ያለ ዘመድ «ይሄ አዲስ ነው» ብሎ መድኃኒት ከመላኩ በፊት ሐኪሙን ቢጠይቅ ደግ ነው።

ስለ 30ው ሰከንድም ልመለስ። በጥናቶች ውስጥ ለ40 ሰከንድ ያገረሸበት ሰውና ዓመቱን ሙሉ ያልለቀቀው ሰው እኩል ወድቀዋል ይባላሉ። ሰርካ ዶዝ የተባለ የካናዳ ጥናት መጣ ሄድ ኤኤፍ ላለባቸው 346 ሰዎች ቆዳ ሥር መቅጃ ቀበረላቸው። በዓመቱ ጨርሶ ያልታየባቸው ከግማሽ ትንሽ የሚበልጡት ናቸው። ግን በኤኤፍ ውስጥ የሚያሳልፉት ጊዜ ከ98 በመቶ በላይ ቀንሷል። «አገረሸብኝ» ብሎ አንገቱን ደፍቶ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው ምን ያህል ጊዜ እንደሆነና ኑሮውን ያወከው ምን ያህል እንደሆነ ነው። አንዳንዱ ሰው ድጋሚ መግባት አያስፈልገውም።

በ2025 ደግሞ የአደኑ ሐሳብ ኮምፒውተር ይዞ ተመልሷል። ቴይለርድ ኤኤፍ ይባላል። 374 የማይለቅ ኤኤፍ ያለባቸው ሰዎች ናቸው። ምድጃውን ከጭሱ የሚለየው አሁን የሐኪሙ ዓይን ሳይሆን የሠለጠነ ሶፍትዌር ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ ከኤኤፍ ነፃ የሆኑት አደን በተጨመረላቸው 88 በመቶ፣ አጥር ብቻ በተሠራላቸው 70 በመቶ። በሕክምናው ላይ ያለፈው ጊዜ እጥፍ ነው። ከኤኤፍ ሌላ የሚመጡት የምት መዛባቶች አብረው ሲቆጠሩም ልዩነቱ ይጠብባል። ዕጣው ግን በዚህኛው እኩል ለእኩል ወጥቷል።